ካሴቶቹን ከመጣላችሁ በፊት

ለቀድሞው ሬዲዮ ጣቢያዬ ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ አልጋው ሥር ካሴት ላስቀመጠ ሁሉ
ጉዳዩ፦ ደረጃው ሥር የተከመሩትን 11 ካርቶኖች ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ።

የጣቢያውን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። እኔም እዚያ ቤት 17 ዓመት እንጀራ በልቻለሁ። እሺ፣ እንጀራ እንኳ አይባልም፣ ሻይ በፓስቲ ነው። ቢሆንም የበላሁበትን ወጪት መስበር አልፈልግም። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግኩት በማኅተም የገባው ማመልከቻዬ መልስ ስላላገኘ ነው። ሁለት ጊዜ አስገብቻለሁ። ሁለቱም ጊዜ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ተባልኩ። ምናልባት ሰው ሲያነበው ስብሰባው ያልቅ ይሆናል።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ባለፈው ወር አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ቁጥሬን ከማን እንዳገኘች እንጃ።

«ጋሼ፣ አባቴን ያውቁታል። በረኛ ነበር።»

ስሙን ነገረችኝ። ቶሎ አልመጣልኝም። ቅጽል ስሙን ስትጨምር ግን ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። ድመቱ! የፋብሪካችን ኳስ ቡድን በረኛ። ቁመቱ አጭር ነበር፣ ዝላዩ ግን የጉድ። አርባው ከወጣ ሳምንቱ ነው አለችኝ።

«በሬዲዮ ጠይቀኸው ነበር ይላሉ… ይቅርታ፣ ጠይቀውት ነበር። እኛ ቤት ድምፁ የለም። ፎቶ አለን፣ ድምፅ ግን የለንም። ልጄ አያቱን ሳያውቀው ነው የቀረው። ካሴቱን ላገኝ እችላለሁ?»

እንዴታ አልኳት። በደንብ አስታውሳለሁ፤ 1996 ነው፣ እቤቱ ሄጄ፣ ባለቤቱ ቡና አፍልታ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አውርተናል። ካሴቱን ለጣቢያው ያስረከብኩት ራሴ ነኝ። ጎኑ ላይ በቀይ እስኪሪብቶ «አቃቂ፣ በረኛው» ብዬ ጽፌበታለሁ።

በነጋታው መጣሁ። በር ላይ የቆመው ጥበቃ አሁንም ያውቀኛል፣ እግዜር ይስጠው። ንብረት ክፍል ያለው ልጅ ደግሞ ደግ ልጅ ነው። ወደ ደረጃው ሥር ወሰደኝ። ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ «የሚወገዱ ንብረቶች ዝርዝር»። እግሩ የተሰበረ ወንበር አለ። ቀለም የማይተፋ ፕሪንተር አለ። ከሁለቱ መሃል፣ ተራ ቁጥር 14 ላይ፣ «አሮጌ ካሴት፣ 11 ካርቶን፣ አገልግሎት የማይሰጥ» ይላል። ወደ አዲሱ ሕንፃ ስትዛወሩ የሚቀር ዕቃ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ካርቶን ውስጥ አገኘሁት። የኔ ጽሑፍ፣ የኔ ቀይ እስኪሪብቶ። ልጁ አንድ አሮጌ ቴፕ ፈልጎ አመጣልኝ። ከተትኩት። ተጫንኩት።

የኔው ድምፅ ወጣ። ወጣት ነኝ፣ እቸኩላለሁ። «ውድ አድማጮቻችን፣ የፊታችን ቅዳሜ አርሰናል ከማንቸስተር ዩናይትድ…»

አዞርኩት። ሁለተኛው ገጽም አርሰናል ነው። ድመቱ የለም። ከላዩ ላይ የቀዳሁበት እኔው ነኝ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ይህን ደብዳቤ ስጀምር እናንተን ለመውቀስ ነበር። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ የጻፍኩት የመጀመሪያው ገጽ በሙሉ ስድብ ነበር ማለት ይቻላል። ቀደድኩት። ያኔ ባዶ ካሴት በኪሳችን ነበር የምንገዛው። ተባባሪ አዘጋጅ ነን፤ ደመወዝ የለንም፤ ስፖንሰር ካመጣን ኮሚሽን እናገኛለን፣ ካላመጣን የታክሲ እንኳ የለም። አንድ ካሴት 7 ብር አካባቢ ነበር። ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ገንዘብ ሲያጥር ከመደርደሪያው አንዱን አውርደህ ከላዩ ትቀዳበታለህ። ሁላችንም አድርገነዋል። አንዱን ሳወርድ የድመቱን ማውረዴን ግን ያን ጊዜ አላየሁም። ወይም አይቼ ንቄዋለሁ። «እሱማ እዚሁ ጎረቤቴ ነው፣ ሌላ ጊዜ እጠይቀዋለሁ» ብዬ ይሆናል። አርሰናልን ግን ሌላ ጊዜ አላገኘውም መሰለኝ!

ለልጅቷ እስካሁን አልደወልኩላትም።

እንግዲህ ማን እንደሆንኩ ለማታውቁኝ አዲሶቹ ኃላፊዎች ትንሽ ላውራ። ተወልጄ ያደግኩት አቃቂ ነው። ኮሜንታተር የሆንኩት በሬዲዮ ኳስ ያስተላልፍ በነበረው በደምሴ ዳምጤ የተነሳ ነው። ታኅሣሥ 1980 ላይ 14 ዓመቴ ነበር። ሴካፋ፣ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ፣ ፍጻሜ፣ ከዚምባብዌ ጋር። ካታንጋ በሚሉት መቀመጫ የሚያስገባ ሳንቲም ቢኖረኝ ካምቦሎጆ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ እሄድ ነበር፣ ግን አልነበረኝም። ሻይ ቤት በር ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት። የሻይ ቤቱ ሬዲዮ ድንጋዩ ደክሞ ነበርና ባለቤቱ ደጋግሞ እያወጣ ፀሐይ ላይ ያሞቀው ነበር። 1 ለ 1 አለቀ። በፍጹም ቅጣት ምት 5 ለ 4 አሸነፍን። እኔ አንድም ምት አላየሁም፣ ግን እስከዛሬ ሁሉም ዓይኔ ላይ ነው። ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ስታዲየም ያልገባን ሰው ስታዲየም ማስገባት የሚችል ሰው መኖሩ ነው። በነጋታው የወተት ጣሳ በስቼ አንጠልጥዬ የሰፈር ጨዋታ ማስተላለፍ ጀመርኩ። ኳሱ የካልሲ ነው፣ ማይኩ ጣሳ ነው፣ አድማጩ ደግሞ እናቴ ነበረች። «አንተ ልጅ፣ ጉሮሮህን!»

ትምህርት ስጨርስ ፋብሪካ ገባሁ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት። ፋብሪካው ቡድን ነበረው። በክፍሎች መካከልም ውድድር ነበር፤ ፈትል ክፍልና ሽመና ክፍል ሲጋጠሙ ደርቢ ነው፣ ሥራ ይቆማል ለማለት ምንም አይቀረውም። ከግምጃ ቤቱ አንድ ድምፅ ማጉያ ቀፎ ተበድሬ ሜዳ ዳር ቆምኩ። ማንም አልጠየቀኝም፣ ማንም አልከለከለኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ እኔ ካልመጣሁ ዳኛው ፊሽካ አይነፋም ይባል ጀመር። ይህቺ ማጋነን ናት፣ ግን ደስ ትለኛለች።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኤፍ ኤም ሲመጣ ጣቢያችሁን አንኳኳሁ። «ከዳር አገር የሚዘግብ ሰው ያስፈልጋችኋል» አልኩ። አቃቂን ዳር አገር ስል ትንሽ አፍሬ ነበር። ምክንያቱም የሬዲዮ ነገር ከተነሳ አቃቂ ዳር አልነበረችም። ይህ አገር ሬዲዮ የጀመረው በ1920ዎቹ ማብቂያ፣ አቃቂ ላይ በተተከለ ማሰራጫ ነው። ጣሊያን ሊወረን በተነሳበት በዚያ ሰሞን የኢትዮጵያ ድምፅ ለዓለም የወጣው ከኛው ሰፈር ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስም የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ነው። ሬዲዮና ክለብ እዚህ አገር እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የአቃቂን ኳስ በሬዲዮ ማሰማት አዲስ ነገር ሳይሆን ወደ ቤት መመለስ ነበር። ይህን ንግግር ለያኔው ኃላፊ ሳደርግለት ሰዓቱን እያየ ነበር። «ስልክ አለህ?» ብቻ አለኝ።

ስልክ የለኝም ነበር። ሞባይል ከገባ ጥቂት ዓመት ቢሆነውም ለኔ አይነቱ ሰው የሚታሰብ አልነበረም። ሜዳው አጠገብ ሥጋ ቤት ነበር፣ ሥጋ ቤቱ ስልክ ነበረው። ውሉ እንዲህ ነው፦ እነሱ በየ20 ደቂቃው ይደውላሉ፣ እኔ ሮጬ ሄጄ አነሳለሁ፣ ለ2 ደቂቃ የቀጥታ ዘገባ እሰጣለሁ፣ ሮጬ እመለሳለሁ። ችግሩ ከሥጋ ቤቱ ሜዳው አይታይም። ጎል የሚገባው ደግሞ ሁልጊዜ ስልክ ላይ ስሆን ነው። ስለዚህ አጥሩ ላይ አንድ ልጅ አስቀመጥኩ። እሱ ይጮሃል፣ መሃል መንገድ ላይ ያለው ሌላ ልጅ ተቀብሎ ይጮሃል፣ እኔ ለሕዝብ አስተላልፋለሁ። አንድ ቀን በቀጥታ ስርጭት «ጎል!» አልኩ። ልጁ ያለው «ጎርፍ» ነው፣ ዝናብ ጀምሮ ኖሮ። በየሳምንቱ የሚነሳብኝ ወሬ ይኸው ሆነ።

ማልያው ሌላ ጣጣ ነበር። አንድ ቡድን ውስጥ ሁለት 9 ቁጥር አለ። አንዱ ከአምናው የተረፈ ነው። «9 ቁጥር ለ9 ቁጥር አቀበለው» ብዬ ዘግቤ አውቃለሁ፣ እውነትም ነበር። ልጆቹን የማውቃቸው በቅጽል ስም ነው። ድመቱ፣ ሚኒባስ፣ ዶክተር፣ ቀሽሙ። ቀሽሙ ግሩም ተጫዋች ነበር፣ ስሙ በልጅነቱ ወጥቶለት ነው። አብዶ ሲሠራ ተከላካዩን ብቻ አይደለም፣ እኔንም ያሳስተኛል። በሬዲዮ «ቀሽሙ እጅግ ድንቅ ጎል አስቆጠረ» ስል ቦሌ ያለ አድማጭ ምን ይል እንደነበር አላውቅም። አቃቂ ግን ያጨበጭብ ነበር።

የሰፈር ዘጋቢ ከትልቁ ኮሜንታተር የሚለይበትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ትልቁ ኮሜንታተር ስለ ተጫዋቹ ያለውን ብሎ ይሄዳል። እኔ ግን ቅዳሜ «ተከላካዩ ተኝቶ ነበር» ያልኩት ልጅ እሁድ ጠዋት ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ከኋላዬ ቆሞ ነው።

«ጋሼ፣ ተኝቼ ነበር እንዴ?»

ምን ትለዋለህ? ልጁ ሌሊቱን ሦስተኛ ፈረቃ ሠርቶ አድሮ ነው የተጫወተው። ሳይተኛ ነው እንጂ! ከዚያ በኋላ ማን ከፈረቃ እንደወጣ ከጨዋታው በፊት መጠየቅ ጀመርኩ። «ዛሬ የግራ ተከላካዩ ከሌሊት ፈረቃ ነው የመጣው፣ አይዞህ እንበለው» እል ነበር። ይህን የትኛውም ትልቅ ጣቢያ አይነግራችሁም። እናቶቻቸው የሚሰሙኝም ለዚህ ነበር። ስለ ኳስ ምንም የማያውቁ እናቶች፣ የልጃቸው ስም በሬዲዮ ሲጠራ እልል ይሉ ነበር።

ከኳስ ውጪም ነበረን። ሯጮቹ ለስስ አየር እንጦጦና ሱሉልታ ይወጣሉ፣ ለፍጥነት ደግሞ ወደኛ ዝቅ ይላሉ። አቃቂ ቆላ ቢጤ ነው፣ የአፈር መንገዱም ሜዳ ነው። ማለዳ ላይ ብስክሌት ተከራይቼ፣ በአንድ እጄ መሪ፣ በሌላው መቅረጫ ይዤ አጠገባቸው እየነዳሁ ጠይቄያቸዋለሁ። ግማሹ ቃለ መጠይቅ የኔ ትንፋሽ ነው። እነሱ ትንፋሻቸው አይሰማም። የሚያስቀው እሱ ነው።

ከዚያ ፋብሪካው ወደ ግል ዞረ። መጀመሪያ የተቆረጠው የስፖርት በጀት ነው። ቡድኑ ፈረሰ። ሌሎቹም የፋብሪካ ቡድኖች እንዲሁ አንድ በአንድ ሄዱ። ሜዳው ላይ አሁን መጋዘን አለ። በዚያው ሰሞን የሳተላይት ቴሌቪዥን በየካፌው ገባ። ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንግሊዝን ማየት ጀመረ። አልፈርድም፣ እኔም አርሰናል ነኝ፤ ከዚህ በላይ ምን ቅጣት አለ? ስፖንሰሮቼ፣ ቆርቆሮ ሻጩና ወፍጮ ቤቱ፣ «ስለ ማንቸስተር አውራ፣ ያኔ እንከፍላለን» አሉኝ። አወራሁ። ካሴቱ ላይ የሰማችሁት እሱን ነው።

በ2005 ጥር ላይ አንድ ቀን ብቻ ሁሉም ነገር ተመለሰ። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አልፈው ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር ሲጫወቱ። ፍጹም ቅጣት ምት ሳትን፣ በረኛችን በቀይ ወጣ፣ በአሥር ሰው ቀረን፣ ጎል ገባብን። ያኔ አዳነ ግርማ አገባ። 1 ለ 1። እኔ አቃቂ፣ ጠጅ ቤት ውስጥ ነበርኩ፣ ዲጂታል መቅረጫ ይዤ። ሆን ብዬ ነው የሄድኩት። ጨዋታውን ሁሉም ጣቢያ ይዘግባል፣ የአቃቂን ጩኸት ግን ማን ይቀዳል? ቀዳሁት። አንድ ሽማግሌ ብርሌያቸውን ወርውረው ሲያለቅሱ ይሰማል። በነጋታው ተላለፈ። ከዚያ ጣቢያው ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኮምፒውተሩ ቫይረስ ያዘውና ፎርማት ተደረገ። አለቀ። ስለዚህ «ዘመኑ የዲጂታል ነው፣ ካሴት ምን ያደርጋል» የምትሉኝ ሰዎች፣ ካሴቱ ቢሻግትም አለ። ዲጂታሉ ነው የሌለው።

እኔ ራሴ ብዙም ሳይቆይ ተውኩ። ፕሮግራሙ የአየር ሰዓቱን ኪራይ መክፈል አቃተው። ሽኝት አልነበረም፣ ጠብም አልነበረም። አንድ ሰኞ መታወቂያዬን አስረክቤ ወጣሁ።

አሁን ወደ ካርቶኖቹ።

«የ1995 የፋብሪካ ጨዋታ ማን ይሰማዋል?» ትሉኝ ይሆናል። አንድ ኃላፊ ኮሪደር ላይ ብሎኛል። ጥያቄው አግባብ ነው። የላይኛው ሊግ ችግር የለበትም፤ በ2013 ፕሪሚየር ሊጉ በዲኤስቲቪ መታየት ጀመረ፣ በብዙ ካሜራ ተቀርጿል፣ የትም አይጠፋም። ከሱ በታች ያለው ነው ማንም ያልቀረጸው። የፋብሪካ ቡድኖቹ ማኅደር የላቸውም፤ ፋብሪካው ሲሸጥ ወረቀቱም አብሮ ሄዷል። ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የተጻፈውን ይሰበስባል። እነዚህ ልጆች ግን አልተጻፉም፣ የተነገሩ ብቻ ናቸው። የተነገሩትም በኔና በመሰሎቼ አፍ ነው። ተራ ቁጥር 14 ሲወገድ ሁለት ጊዜ ይሞታሉ።

ደግሞ ካሴቶቹ ውስጥ ያለው ኳስ ብቻ አይደለም። ከሜዳው ጀርባ ሃዲዱ ነበር። የድሮው የጅቡቲ ባቡር ሲያልፍ ፊሽካው ኮሜንተሪዬን ይውጠው ነበር። ያኔ እናደድ ነበር። «ይቅርታ አድማጮቻችን፣ ባቡሩ ይለፍ» እያልኩ እጠብቃለሁ። ዛሬ ባቡሩ የለም፤ አዲሱ በሌላ መስመር ነው የሚሄደው። የአቃቂ ልጆች ያን ፊሽካ ሰምተውት አያውቁም። የቆርቆሮ ዋጋ ማስታወቂያ አለ፣ ስትሰሙት ታለቅሳላችሁ። የፋብሪካው ሳይረን አለ፣ ፈረቃ ሲቀየር። ሳይረኑ ሲጮህ ተመልካቹ ግማሹ ሲሄድ፣ ግማሹ ሲመጣ ይሰማል።

የምጠይቀው ገንዘብ አይደለም። ይህን በደንብ አንብቡልኝ፣ ምክንያቱም «በጀት የለም» የሚለው መልስ ዝግጁ እንደሆነ አውቃለሁ። ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ። በዓይኔ ስገምት 400 ካሴት ገደማ አለ። እያንዳንዱ 60 ደቂቃ ነው፤ 400 ሰዓት። ካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲገባ አቋራጭ የለውም፣ የአንድ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ይወስዳል። በቀን 4 ሰዓት ብሠራ 100 ቀን ነው። ሥራ ለተወ ሰው 100 ቀን ምንም አይደለም። በኤምፒ3 የአንድ ሰዓት ድምፅ 60 ሜጋባይት ገደማ ነው። 400 ሰዓት 24 ጊጋባይት ይሆናል። አውራ ጣት የምታክል ባለ 32 ፍላሽ ውስጥ 11ዱም ካርቶን ይገባል ማለት ነው። ጥራቱ ሳይቀነስ እንያዘው ካልን ደግሞ 240 ጊጋባይት፣ አንድ ሃርድ ዲስክ ነው። ሃርድ ዲስኩን እኔ እገዛለሁ። የካሴት ማጫወቻውን መርካቶ አግኝቼ ገዝቻለሁ፣ ባለቤቱ «ጋሼ፣ ይሄን የሚገዛ ሰው አለ እንዴ!» ብሎኝ ቀንሶልኛል።

አብሮኝ የሚሠራ ሰውም አለ። ያኔ የስቱዲዮ ቴክኒሻን የነበረ፣ አሁን ልጆቹን ያደረሰ። የተበጠሰ ክር በስኮች ይቀጥላል፣ የላላውን በቢክ እስኪሪብቶ ያጠነጥናል፣ የማጫወቻውን ራስ በየአምስት ካሴቱ በአልኮልና በጥጥ ይጠርጋል። የሻገተውን ለብቻ ይለያል፤ ሻጋታ ማጫወቻው ውስጥ ከገባ ወደ ሌላው ይጋባልና። ደረጃው ሥር ደግሞ ውኃ እንደሚንጠባጠብ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለቱ ካርቶኖች ታችኛው ጎናቸው ርሷል። ክረምቱ ሲገባ ሂሳቤ ይቀንሳል፣ 400 አይሆንም።

ከናንተ የምፈልገው የደረጃውን ቁልፍና አንድ ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛውም ቢቀር ችግር የለውም፣ ካርቶኖቹን በፊርማ አስረክቡኝና ቤቴ እወስዳቸዋለሁ። ባለቤቴን አስፈቅጃለሁ። በቀላሉ አልፈቀደችም። ሥራው ሲያልቅ አንድ ቅጂ ለናንተ፣ አንድ ለወመዘክር፣ አንድ ለሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት። የባለቤትነት ጥያቄ ካለ መብቱ የናንተ ነው ብዬ እፈርማለሁ። ከተራ ቁጥር 14 ላይ ብቻ አውጡት።

ግልባጭ ለተደረገላችሁም አንድ ቃል አለኝ። የድሮ ባልደረቦቼ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ አላችሁ። የራሳችሁን ፕሮግራም ቤት ይዛችሁ የምትሄዱ እንደነበራችሁ አውቃለሁ። አድማጮችም ብትሆኑ ከሬዲዮ ላይ የቀዳችሁ አትጠፉም። የልጃችሁ ስም የተጠራበትን ካሴት ለዘፈን ሳትሰጡት የቀራችሁ እናቶች፣ በተለይ እናንተ። አትጣሉት። ፀሐይ ላይም አታስጡት። ቴሌቪዥንና ስፒከር አጠገብ አታስቀምጡት፣ ማግኔት ያጠፋዋል። በኔ ማጫወቻ ላይ ሁሉም ተራ ይደርሰዋል።

አንድ ነገር ሳልናገር ቀርቼ ነበር። ያን ቀን ከጣቢያው ወጥቼ፣ ቃሊቲ ድረስ ቀላል ባቡር ላይ ተቀምጬ፣ ራሴን ስረግም ትዝ አለኝ። የድመቱን ቃለ መጠይቅ አጥፍቼዋለሁ። ጨዋታዎቹን ግን ሁሉንም አላጠፋሁም። በቀረጻ ቀን ደግሞ የምቆመው ሜዳ ዳር አልነበረም። የምቆመው ከጎሉ ጀርባ ነው። ጥላ ያለው እዚያ ብቻ ነው፣ ከግንቡ ሥር። መረብም ስላልነበረ ከበረኛው ጋር በመካከላችን ሦስት እርምጃ እንኳ አይሞላም ነበር።

ድመቱ ደግሞ ዝም አይልም። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ይጮሃል። «ውጣ! ውጣ! ኳሱን ተወው፣ ሰውየውን ያዝ! ሚኒባስ፣ ወዴት ነው የምትነዳው?» ያኔ ድምፁ ድምፄን እየሸፈነው ተጣልተናል። «አንተ ሰውዬ፣ ሬዲዮ ላይ ነኝ እኮ» ስለው፣ «እኔስ ሜዳ ላይ አይደለሁ?» ብሎኛል። ያም ተቀድቷል።

ሰባተኛው ካርቶን ነው፣ ከሥር የራሰው። ጎናቸው ላይ በሰማያዊ «ፈትል/ሽመና» የሚል የተጻፈባቸው ስድስት ካሴቶች አሉ። ቢያንስ እነሱን ከግድግዳው አርቁልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በራችሁ ላይ እገኛለሁ፣ ማጫወቻዬን ይዤ። ከፈቀዳችሁልኝ ለልጅቷ የዚያኑ ቀን እደውልላታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ ተባባሪ አዘጋጃችሁ
ከአቃቂ